መዳን በማተብም በልሳንም አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

እኛ በደሴና በኮምቦልቻ በየሰዉ ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምንመራ አስተማሪዎች ነን። ይህን የምንጽፈው በየጥናቱ የሚደጋገሙ ሦስት ጥያቄዎች በአደባባይ መልስ ቢያገኙ ይሻላል ብለን ነው። አንደኛው «ማተቤን ፈትቻለሁ፤ ክርስትናዬ ቀረ ማለት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በልሳን (ባልተማሩት፣ መንፈስ በሚሰጠው ቋንቋ) ተናግሬ አላውቅም፤ ድኛለሁ ማለት እችላለሁ?» ሦስተኛው ደግሞ «ተጸልዮልኝ አልተሻለኝም፤ እምነቴ ምን ቢጎድለው ነው?» ጠያቂዎቹ የተለያየ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ እርስ በርሳቸውም እምብዛም የማይስማሙ ናቸው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ ሦስቱም መዳናቸውን በዓይን በሚታይ ነገር ሊያረጋግጡ ይፈልጋሉ።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ሮሜ 4ን መክፈት ይበቃል። ጳውሎስ እዚያ የሚጠይቀው ቀላል የጊዜ ጥያቄ ነው፤ አብርሃም ጽድቅ የተቆጠረለት ከመገረዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። አብራም በእግዚአብሔር ማመኑና ይህም ጽድቅ ሆኖ የተቆጠረለት ዘፍጥረት 15፥6 ላይ ነው። እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር (ዘፍ. 16፥16)። የተገረዘው በ99 ዓመቱ ነው (ዘፍ. 17፥24)። እንግዲህ ጻድቅ ከተባለ በኋላ በሥጋው ላይ አንዳች ምልክት ሳይኖር ቢያንስ 13 ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ግዝረቱ ከንቱ ነበር አንልም፤ ጳውሎስ ራሱ ማኅተም ይለዋል (ሮሜ 4፥11)። ማኅተም ግን የሚመታው በተጻፈ ነገር ላይ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም አስመትቶ «ጉዳዬ አልቋል» የሚል ሰው የትም ቢሮ አይስተናገድም።

ማተብንም በዚሁ ዓይን እናየዋለን። በጥምቀት ጊዜ በሕፃኑ አንገት ላይ ይታሰራል፤ አድጎ የታሰረበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላም ሥራ አለው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖርበት፣ የአንዱን እርድ ሌላው በማይበላበት አገር፣ በሠርግም በለቅሶም ለማን የትኛው ወጥ እንደሚቀርብ አስተናጋጁ የሚለየው አንገት አይቶ ነው። ይህ የጉርብትና ጥቅሙ ስለሆነ ማንንም ፍታ አንልም። ባለ ማተቡ በክርስቶስ ይመን አይመን ግን ክሩ አይናገርም። ግንባር ላይ የተነቀሰ መስቀልም እንደዚያው ነው።

ይህንን ከወሎ ሰው በላይ የሚያውቀው ሊኖር አይገባም። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ጠርተው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሆነው የደሴውን አይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ልብ ላይ የምንፈርድ እኛ አይደለንም። በትእዛዝ ከተጠመቀው ሕዝብ ግን ብዙው በአደባባይ ክርስቲያን፣ በቤቱ ሙስሊም ሆኖ እንደኖረ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። ውኃው ፈስሷል፣ ስሙ ተለውጧል። «እንግዲያስ እምነት ከመስማት ነው መስማትም በእግዚአብሔር ቃል ነው» የሚለው (ሮሜ 10፥17) ግን አልተፈጸመም፤ ሰዉ ተገደደ እንጂ አልሰማም።

እስካሁን ያልነውን ሲያነቡ ደስ የሚላቸው ወንጌላውያን ወገኖቻችን ቀጥሎ ያለውን ሲያነቡ ደስታቸው ይቀንስ ይሆናል። የአንገት ክሩን ትተን መውደቅንና መንቀጥቀጥን ከያዝን ለውጡ የዕቃ ለውጥ ብቻ ነው።

ዮሐንስ 4፥46-54ን ቀስ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል። የንጉሥ ቤት ሹም የሆነ ሰው ልጁ በቅፍርናሆም ታሞበት ኢየሱስ ወዳለበት ወደ ቃና ይመጣል። ከቃና ቅፍርናሆም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ እንደ መውረድ ያለ መንገድ፣ እንዲያውም መጨረሻው ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሰውዬው የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውረድልኝ። የሚያገኘው የመጀመሪያ መልስ ጠንካራ ነው፤ «ምልክትና ድንቅ ነገር ካላያችሁ ከቶ አታምኑም»። ደግሞ ሲለምን ሂድ፣ ልጅህ በሕይወት አለ ይባላል። ኢየሱስ አልወረደም። የሚያዝ ዘይት፣ የሚቋጠር አፈር፣ የሚነካ ጨርቅ አልተሰጠውም። በእጁ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ወንጌላዊው «ቃሉን አምኖ ሄደ» ይለዋል። ልጁ እንደዳነ የሰማው አገልጋዮቹ መንገድ ላይ ሲቀበሉት፣ ይኸውም በማግስቱ ነው። ሰዓቱን ጠየቃቸው፤ ትናንት በሰባት ሰዓት ትኩሳቱ ለቀቀው አሉት፤ ኢየሱስ የተናገረበት ሰዓት ነበር። ምልክቱ የመጣው ሰውዬው ካመነ በኋላ፣ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ያንን ሁሉ ቁልቁለት የወረደው ምንም ሳያይ ነው።

ከዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 6 ተቃራኒውን ያሳያል። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ለ5,000 ወንዶች በቅቶ 12 መሶብ ተርፏል። በማግስቱ ያው ሕዝብ ባሕሩን ተሻግሮ መጥቶ ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? «እናምንህ ዘንድ ምን ምልክት ታደርጋለህ?» (ቁ. 30)። ትናንት የበላው ገና ከሆዱ አልወረደም! ትምህርቱ ሲከብድ ደግሞ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ ወደ ኋላ ተመለሱ (ቁ. 66)። በምልክት የቆመ እምነት ነገም ሌላ ምልክት ይፈልጋል፤ ካልመጣለት ይፈርሳል። በየሳምንቱ ከጉባኤ ጉባኤ የሚዞሩ ወጣቶች ላይ የምናየው ይህንኑ ነው። ዮሐንስ 2፥23-25ም ምልክቶቹን አይተው ብዙዎች እንዳመኑ፣ ኢየሱስ ግን እንዳልተማመነባቸው ይናገራል።

ወደ ልሳኑ ጥያቄ እንምጣ። በሐዋርያት ሥራ 10 በቆርኔሌዎስ ቤት፣ በ19፥6 ደግሞ በኤፌሶን ሰዎች ባመኑ ጊዜ በልሳን ተናግረዋል፤ ይህን የሚክድ መጽሐፉን ይክዳል። በበዓለ ሃምሳ ግን የጴጥሮስን ስብከት ተቀብለው ስለተጠመቁት 3,000 ሰዎች (2፥41) እንዲህ የሚል ነገር አልተጻፈም። «ሁሉስ በልሳኖች ይናገራሉን?» ብሎ ጳውሎስ ሲጠይቅ (1 ቆሮ. 12፥30) የሚጠብቀው መልስ «አይ» ነው። ስለዚህ ልሳንን የመዳን መታወቂያ ማድረግ መጽሐፉ ያላለውን ማለት ነው። ኤፌሶን 1፥13 ቅደም ተከተሉን ያስቀምጣል፤ የመዳንን ወንጌል ሰሙ፣ አመኑ፣ በመንፈስ ቅዱስ ታተሙ።

የሚበላሸው የት እንደሆነ በግልጽ እንናገር። አዲስ አማኝ ፊት ቆሞ «እኔ የምለውን እየተከተልህ በል» የሚል አስተማሪ አለ፤ ወይም አንድን ቃል በፍጥነት እያስደጋገመ አፍ እስኪተሳሰር ያቆየዋል። ሐዋርያት ሥራ 2፥4 የተናገሩት መንፈስ እንደ ሰጣቸው ነው ይላል እንጂ ሰው እንዳስጠናቸው አይልም። በጉባኤም ሕግ አለው፤ ሁለት ቢበዛ ሦስት ሰው፣ ያውም በተራ፣ አንዱ እየተረጎመ፤ ተርጓሚ ከሌለ ዝም ይበል (1 ቆሮ. 14፥27-28)። በድምፅ ማጉያ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጮኽበት ቦታ ይህን ሕግ የትኛው ገጽ ላይ እንደዘለለው መጠየቅ ነውር አይደለም። በልሳን ያልተናገረው ልጅ ከወንድሞቹ ላለማነስ ሲል ይኮርጃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያሠቃየው መኮረጁ ነው።

ፈውስን በተመለከተ ብዙ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ስሕተቱ ሕይወት ያስከፍላል። «እምነትህ ጎዶሎ ስለሆነ ነው ያልዳንህ» የሚለው አነጋገር በመጽሐፉ ሲመዘን አይቆምም። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ የነበረው፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው ሲድን የፈወሰው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር (ዮሐ. 5፥13)። በሌላ በኩል ጳውሎስ የሥራ ባልደረባው ጥሮፊሞስ ስለታመመ በሚሊጢን ትቶታል (2 ጢሞ. 4፥20)፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱና ስለ ደጋግሞ መታመሙ ጥቂት ወይን ጠጣ ይለዋል (1 ጢሞ. 5፥23)፤ እምነት ጨምር አላለውም። ሳያምን የተፈወሰም አለ፣ አምኖ የታመመም አለ።

ተፈወስሁ ያለ ሰውስ እንዴት ይረጋገጥ? ሙሴ ሥርዓት አበጅቶለታል። በዘሌዋውያን 13 ካህኑ ለምጽ የተጠረጠረበትን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ አቆይቶ ያየዋል፤ ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። በምዕራፍ 14 ነጻ የሆነው ሰው ታጥቦና ተላጭቶ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቀመጣል፤ መሥዋዕቱ በስምንተኛው ቀን ነው። ኢየሱስም አሥሩን ለምጻሞች ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ አላቸው (ሉቃ. 17፥14)፤ ለምጹን መርምሮ ንጹሕ ወይም ርኩስ የሚለው ካህኑ ስለነበር ነው። መድረክ ላይ አቁሞ ዕልል አላስባለም። አሥሩም ነጹ፤ «እምነትህ አድኖሃል» የተባለው ግን እግዚአብሔርን እያመሰገነ የተመለሰው አንዱ፣ ያውም ሳምራዊው ነው።

ዛሬ መርምሮ የሚናገረው ሐኪሙ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው መልኩ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሳሉ ግን በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል፣ ሰውነትም ይመለሳል። ብዙው ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን የሚጥለው ያኔ ነው። የቀረው ተሕዋስ መድኃኒቱን ይላመድና በሽታው ሲመለስ ለማከም የሚከብድ ይሆናል፤ ቤተሰቡንም ያስይዛል። የኤችአይቪ መድኃኒትም ሌላ ወጥመድ አለው። በደንብ የወሰደ ሰው ደሙ ሲመረመር የቫይረሱ መጠን ከማይታይበት ደረጃ ይወርዳል። ወረቀቱን ይዞ መድረክ ላይ የሚወጣ አለ፤ አልታየም ማለት ግን ከሰውነት ወጣ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለን እናምናለን፤ ለዚህም ነው ምርመራን የማንፈራው። የፈወሰው እሱ ከሆነ ሐኪሙም ያየዋል፣ መድኃኒቱንም ያቆመው ሐኪሙ ይሁን። ክኒን ጣሉ የሚል አገልጋይ ካጋጠማችሁ ያንኑ ዕለት ትታችሁት ውጡ።

ስለ ዘይትና ስለ ውኃ ሽያጭ ለመናገር ያዕቆብ 5፥14 ይበቃል። የታመመው ሽማግሌዎቹን ያስጠራል፤ እነሱ ወዳለበት መጥተው ዘይት ቀብተው ይጸልዩለታል። በብልቃጥ የሚሸጥ፣ ሰልፍ የሚያስይዝ የለበትም። ነቢዩ ኤልሳዕ ከለምጹ የነጻው ንዕማን ያመጣለትን ስጦታ አልቀበልም አለ፤ ሎሌው ግያዝ ግን ተከትሎት ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ ከጌታው ፊት የወጣው ለምጻም ሆኖ ነው (2 ነገ. 5)። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው የናስ እባብ እንኳ ከዘመናት በኋላ ሕዝቡ ሲያጥንለት ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2 ነገ. 18፥4)። እግዚአብሔር ያዘዘው ምልክት ይህ ከደረሰበት፣ ትናንት ታሽጎ የመጣው ብልቃጥ ምን ሊተርፍ ነው።

ትንቢትን በተመለከተ ሰዎች አንዱን መመዘኛ ያውቃሉ፤ የተናገረው ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም (ዘዳ. 18፥22)። ሁለተኛውን ግን ይረሱታል። ዘዳግም 13፥1-3 ምልክቱ እንደተነገረው ቢፈጸም እንኳ ነቢዩ ከእግዚአብሔር የሚያርቅ ከሆነ አትስሙት ይላል። መፈጸሙ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። በተግባር ሲመጣ የተነገረውን ቃል በቃል፣ ቀኑን ጨምሮ በወረቀት ጻፉት። «ታላቅ በር ይከፈትልሃል» ዓይነቱ ቀንም ነገርም የለውምና መቼም አይከሽፍም፤ ስለዚህ መመዘንም አይቻልም። ስማችሁንና ስልካችሁን ከጠራ ደግሞ መግቢያው ላይ ፎርም ሞልታችሁ እንደነበር አስታውሱ። ጳውሎስም ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይለዩ ነው ያለው (1 ቆሮ. 14፥29)፤ የማይመረመር ነቢይ አላወቀም።

«ያመኑትንም እነዚህ ምልክቶች ይከተሉአቸዋል» የሚለው ማርቆስ 16፥17 እንደሚነሣብን እናውቃለን። ከጥንታዊዎቹ የግሪክ ብራናዎች ሁለቱ፣ የሲናውና የቫቲካኑ፣ ወንጌሉን ቁጥር 8 ላይ ይጨርሱታል። ያንን ትተን ያለውን እንዳለ ብንቀበለው እንኳ ምልክቶቹ የሚከተሉት ያመኑትን ነው፤ ቀድሞ የሚሄደው እምነቱ ነው። ማቴዎስ 7፥22-23 ላይ ደግሞ ትንቢት ተናግረው፣ አጋንንት አውጥተው፣ ተአምራት አድርገው «ከቶ አላወቅኋችሁም» የተባሉ ሰዎች አሉ። አጋንንትን የማውጣት ሥልጣን ከተሰጣቸው አሥራ ሁለቱ መካከል ይሁዳ እንደነበረም ማቴዎስ 10፥1-4 ስሙን ጠቅሶ ይነግረናል።

«እንግዲህ አምኖ እንደ ልብ መኖር ነው?» የሚለውን ደግሞ የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን በትክክል ያነሡታል። ኤፌሶን 2፥8-9 ከሥራ አይደለም ካለ በኋላ ቁጥር 10 ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ጠቅሶ ሦስተኛውን መዝለል የኛ ወገን ልማድ ሆኖብናል። ገላትያ 5፥6 በፍቅር የሚሠራ እምነት ይለዋል። ፍሬው መኖር አለበት፤ ሥሩ ግን እሱ አይደለም።

የእምነትን መሠረት ከምልክት ወደ ቃል ለመመለስ የረዳን አሠራር ይህ ነው። ዮሐንስ ወንጌል ሰባት ምልክቶች አሉት፤ በየሳምንቱ አንድ እያላችሁ ሰባት ሳምንት ያዙላቸው። የቃናው ወይን (2፥1-11)፣ የሹሙ ልጅ (4፥46-54)፣ የ38 ዓመቱ በሽተኛ (5፥1-15)፣ እንጀራው (6፥1-15)፣ በባሕር ላይ መሄዱ (6፥16-21)፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው (ምዕ. 9)፣ አልዓዛር (ምዕ. 11)። ከስምንት ሰው በላይ አትሁኑ፤ ሲበዛ ሁለት ሰው ብቻ ያወራና ሌላው ሻይ ይጠጣል። ክፍሉን ሁለት ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ አንዴ በ1954ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም፣ አንዴ በአዲሱ መደበኛ ትርጉም። ከዚያ አራት ጥያቄ ብቻ፤ ምን ሆነ? ማን አየ? አይቶ ያመነው ማን ነው? አይቶ ያላመነውስ?

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይገረማል፤ ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት እንስራ የሚይዙ ሆነው ሳለ ወይኑ ከየት እንደመጣ የሠርጉ ድግስ አሳዳሪ አላወቀም፤ የሚያውቁት ውኃ የቀዱት አገልጋዮች ናቸው (2፥9)። በስድስተኛው ሳምንት ዓይኑ ቁጥር 7 ላይ በርቶለት «ጌታ ሆይ፥ አምናለሁ» ያለው ቁጥር 38 ላይ መሆኑን ራሳቸው ቆጥረው ያገኙታል። በሰባተኛው፣ አልዓዛር ሲነሣ ካዩት አንዳንዶቹ አምነው አንዳንዶቹ ሄደው ለፈሪሳውያን እንዳወሩ፣ የካህናት አለቆችም አልዓዛርንም ለመግደል እንደመከሩ (12፥10) ሲያነቡ ምልክት ብቻውን ልብ እንደማይለውጥ የሚነግራቸው አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። መሪው መልስ ለመስጠት ከቸኮለ ግን ጥናቱ ስብከት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም በዚህ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ካሉ በዕድሜ ትንሹ ያንብብላቸው። እምነት ከመስማት ነውና ይህ አያጎድላቸውም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ደብዳቤው ረዝሞ ቦታ ካጣችሁለት ስለ ብራናዎቹ ያልነውን ቁረጡት። የምዕራፍና የቁጥር አኃዞቹን ግን እባካችሁ እንዳሉ አትሙልን፤ አንባቢ መጽሐፉን ገልጦ የተሳሳትንበትን እንዲነግረን እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር
የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አስተማሪዎች
ደሴ